የባጃጅ መሪ፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ላይ ዝናቡ ቶሎ ይጀምራል፣ ለመውጣትም አይቸኩልም። ከአስፋልት ወረድ ሲሉ ቀይ ጭቃ ነው፤ ኮብልስቶኑም መሪን አይምርም። ስለዚህ የባጃጅ ጥያቄ እዚህ ዓመቱን ሙሉ አያልቅም፤ ክረምት ላይ ግን ይብሳል። ከታች ያሉት መልሶች ፎር ስትሮክ ለሆነችው፣ በቤንዚን ለምትሠራው የተለመደች ባጃጅ ናቸው። የሌላ ፋብሪካ ባለሦስት እግር ለያዛችሁም አብዛኛው ይሠራል። ልኩንና ቁጥሩን ግን ከራሳችሁ ተሽከርካሪ መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ።

መሪው ከብዶኛል። ከየት ልጀምር?

ከጎማው። የፊት ጎማ ንፋስ ሲጎድል መሪ ይከብዳል። ጎማን በእግር መታ አድርጎ «አለው» ማለት መለካት አይደለም። ጎሚስታ ቤት በመለኪያ ይታይ። የፊቱና የኋላው ልክ አንድ እንዳልሆነም አትርሱ፤ የኋላዎቹ ጭነት ስለሚሸከሙ ከፊቱ በለጥ ይላሉ።

ንፋሱ ልክ ከሆነ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሱት። የኋላ ጎማዎቹን አስደግፉ፤ ክሪኩን ብቻ አትመኑ፣ ከሥር ወፍራም ጉማጅ እንጨት ይግባ። ከዚያ መሪውን በሁለት ጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ አድርጉት። ጤነኛ መሪ ያለምንም ግድ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ቀጥ ሲል፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ «ቀጭ» ብሎ የሚይዝ ከሆነ መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ (ባለ ኳስ ማዞሪያ) ኳሶቹ የሚቀመጡበት ቦታ ጎድጉዷል ማለት ነው። ባጃጅ አብዛኛውን ጊዜ የምትሄደው መሪዋ ቀጥ ብሎ ስለሆነ፣ ኮብልስቶኑ ሲደልቃት ኳሶቹ የሚመቱት ያንኑ አንድ ቦታ ነው። ይህን ግራሶ አያድነውም። የላዩም የታቹም ኩሽኔታ አብሮ ይቀየራል።

ክብደቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ግራሶው ደርቋል፣ ወይ የመሪው አንገት ዳዶ ከልክ በላይ ጠብቋል። ትናንት ጋራዥ ገብታ ዛሬ መሪዋ የከበደ ባጃጅ ካለች የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዳዶው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ላቫጆ ላይ የግፊት ውሃውን በቀጥታ መሪው አንገት ላይ የሚለቁ ልጆች አሉ። ባጃጇ ታበራለች፣ ግራሶው ግን ታጥቦ ይሄዳል። እዚያ ጋ ሲደርሱ «ቀስ በል» በሏቸው።

ፍጥነት ስጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል። ምኑ ነው?

አራት ቦታ ይታያል፤ ከርካሹ እንጀምር። የፊቱ ጎማ እንደተነሳ በእጅ አሽከርክሩትና ከፊት ለፊት ቁጭ ብላችሁ ቸርኬውን ተመልከቱ። ጠርዙ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል። ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት መግባት ይህን ያመጣል። ጎማው ራሱ አብጦም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ነቅንቁት። ከላላ የጎማው ኩሽኔታ አልቋል፣ ወይም ዳዶው ላልቷል። ከዚያ የፊቱን ጎማ የያዘውን ሹካ የታች ጫፍ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳቡት። ሌላ ሰው ጣቱን መሪው አንገት ላይ ያድርግ። እዚያ ጋ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ነገር ጣቱን ከነካው የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። መጨረሻ ላይ አሞርዛተሩንና መጋጠሚያው ውስጥ ያለውን ቀለበት፣ ቦኮላውን፣ እዩ። ዘይት ያነባ አሞርዛተር ጎማውን መሬት ላይ አያስቀምጥም፤ ያነጥረዋል።

እዚህ ላይ በቀልድ የማይታለፍ ማስጠንቀቂያ አለ። የባጃጅ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ተገጣጥሞ በቡሎን የሚታሰር ነው። ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ እነዚያን ቡሎኖች የፈታ ሰው ቸርኬው ተከፍቶ ሊመታው ይችላል። መጀመሪያ ንፋስ፣ ከዚያ ቡሎን።

መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትተኛል።

ብዙ ሰው ወዲያው ፊቱን ያያል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ኋላ ነው። የግራና የቀኝ የኋላ ጎማ ንፋስ እኩል ካልሆነ ባጃጇ ንፋስ ወደ ጎደለው ጎን ትሄዳለች። አንዱ ጎማ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ ከሆነም እንደዚያው።

እሱ ልክ ከሆነ ፍሬን ይታይ። ፍሬን ብዙም ሳትይዙ ትንሽ መንገድ ንዱና ቁሙ። እጃችሁን ወደ ሁለቱ የኋላ ታምቡሮች አስጠጉ፤ ሊያቃጥል ስለሚችል አትንኩት፣ ሙቀቱ ብቻ ይሰማችሁ። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚግል ከሆነ የፍሬኑ ሸራ ይዞ ቀርቷል። ጭቃ ገብቶ ደርቆም ይሆናል፣ ሞላው ደክሞም ይሆናል፣ ፒስቶኑ አልመለስ ብሎም ይሆናል። ይህ መጎተት ብቻ አይደለም፤ ቤንዚንም ይበላል።

ፍሬን በተያዘ ቁጥር ብቻ የሚጎትት ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን አስቡ። ባጃጇ የምትሄደው ወደሚይዘው ጎን ነው። የማይዘው ወገን ሸራው ዘይት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል።

ተጋጭታ ከሆነስ? ያኔ ሹካው ሳይጣመም አይቀርም። በእሳት አሙቆ በመዶሻ ማቃናት በየመንደሩ ይሠራል። እኔ አልመክርም። የጋለ ብረት የቀድሞ ጥንካሬውን ያጣል፣ ሹካ ደግሞ ሲሰበር ቀጠሮ አይሰጥም። ገንዘብ ከቆጠባችሁ ሌላ ቦታ ቆጥቡ።

ሐሙስ ገበያ ጭነት ስጭን መሪው ይቀለኛል። ብልሽት ነው?

ብልሽት አይደለም፣ ጭነት ነው። ባጃጅ የተሠራችው ለአንድ ሾፌርና ለሦስት ተሳፋሪ ነው። አንድ የኤክስፖርት ቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው። ሁለት ሦስቱን ከኋላ ወንበር ጀርባ ስትከምሩ ክብደቱ ከኋላ ጎማዎቹ አልፎ የፊቱን ያነሳዋል። መሬት በደንብ ያልነካ ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝም። ጭነቱን ወደ ፊት አምጡት፤ ካልሆነ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ።

ማርሽ አልገባም ይላል። ዜሮ ማርሽም አላገኝም።

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው። ከሁሉም በላይ ያለአግባብ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) የሚያስወርደውም ይኸው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በባጃጅ ማርሹ የሚቀየረው በግራ እጅ ነው፤ ሞተሩን ከማርሹ የሚለያየው ፍሪሲዮን ተይዞ መያዣው ይዞራል። ከዚያ መያዣ እስከ ኋላ ሞተሩ ድረስ የሚሄደው ካቦ ነው። ረጅም ነው፣ ይታጠፋል፣ ጭቃና ውሃ ያገኘዋል። ስለዚህ ካምቢዮው ከመታማቱ በፊት ካቦው ይመርመር።

መጀመሪያ የፍሪሲዮን ካቦ። መያዣውን ጨምቃችሁ ፍሪሲዮኑ መሥራት እስኪጀምር ያለው ባዶ ጉዞ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ መሆን አለበት። ባዶ ጉዞው ከበዛ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ማርሽ እየጮኸ ይገባል ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊታችሁ ሰው ሳይኖር፣ አንደኛ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ያዙ። ባጃጇ ቀስ እያለች ወደ ፊት የምትሄድ ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም።

ካቦውን ስታዩ ጫፉን እዩ። መያዣው ውስጥ ተሰክቶ የሚቀመጠውን ትንሿን ድቡልቡል ብረት አውጧት። ከሷ ሥር ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ ሁለቱ ተበጥሰው እንደ ጸጉር ቆመው ካገኛችኋቸው ያ ካቦ ዕድሜው አልቋል። የቀሩት ሽቦዎች ሲለጠጡ ባዶ ጉዞው በየቀኑ ይጨምራል። እናንተ ታጠብቃላችሁ፣ እሱ ይላላል። አንድ ቀን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዳገት ላይ ይበጠሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ዛሬውኑ ቀይሩት።

ቀጥሎ የማርሽ ካቦዎቹ። አንዱ ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ሌላው ወደ ሌላው። አንደኛው ከላላ መያዣው ሁለተኛን ያሳያል፣ ውስጥ ያለው ማርሽ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ዜሮ ማርሽ የሚጠፋውም በዚህ ነው። ሁለቱ እኩል መወጠር አለባቸው፤ ካስተካከላችሁ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገብታችሁ ፈትሹ። ለማስገባት ባጃጇን ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ይህ ያለ ነው።

ማርሹ ገብቶ ይተፋል።

መጀመሪያ የማርሽ ካቦዎቹን ውጥረት አስተካክሉ። ተስተካክሎም ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ማርሽ ብቻ፣ በተለይ ጉልበት ስትሰጡት የሚተፋ ከሆነ፣ የማርሹ ጥርስ ወይም ካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ተበልቷል። አሁን ካምቢዮው ይወርዳል፤ ጋራዡ ልክ ነው። በእጅ ይዞ እያስገደዱ መንዳት የቀረውንም ጥርስ ይጨርሰዋል።

ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ባጃጇ ግን አትሄድም።

ጆሯችሁን ስጡ። ቤንዚን ስትሰጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። ድምፁ ራሱ እየወረደ፣ እያቃሰተ ከሄደ ደግሞ ጉድለቱ የጉልበት ነው፤ የአየር ማጣሪያ፣ ካንዴላ፣ ካርቡሬተር ተመልከቱ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተር እዚህ ቆላ ላይ እንደሚሆነው አይሆንም። ሁለቱን አቀላቅሎ ደህና ፍሪሲዮን ያስቀየረ ሰው ብዙ ነው።

ካንሸራተተ መጀመሪያ ካቦው ይታይ። አሁን ችግሩ የላላ ካቦ ሳይሆን የተወጠረ ነው። ባዶ ጉዞ ጭራሽ ከሌለ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በትንሹ እንደተያዘ ይቆያል። ግራ እጃቸውን መያዣው ላይ ጭነው የሚነዱም አሉ፤ ውጤቱ አንድ ነው።

ሁለተኛ ዘይቱ። የባጃጅ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። ለመኪና የተሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ነዳጅ ለመቆጠብ የሚያንሸራትት ቅመም ይገባባቸዋል። ለመኪናው ጥሩ ነው፣ ለእናንተ የፍሪሲዮን ሸራ ግን አይሆንም። ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» (JASO MA) የሚል ደረጃ ያለው ግዙ። ዘይት ከተቀየረ በኋላ የጀመረ መንሸራተት ከሆነ ከዚህ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሸራው አልቋል ወይም ሞላዎቹ ደክመዋል። ሸራ ሲቀየር ሞላውም ይለካ።

ጭቃ ውስጥ አንዱ ጎማ ብቻ ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆሟል። ሻፍት (ጉልበቱን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ተሰብሮ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል እንደዚህ ነው የሚሠራው። ባጃጅ ስትታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ዲፈረንሻል ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ጣጣው ጭቃ ውስጥ ነው። ጉልበቱ ወደሚቀለው ይሄዳል፤ የሚቀለው ደግሞ የሚንሸራተተው ጎማ ነው። የባጃጅ ዲፈረንሻል መቆለፊያ የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቤንዚን መስጠት አይደለም። አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው በኃይል ሲሽከረከር ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች በማይገባቸው ፍጥነት ይዞራሉ። ድንገት ጎማው ድንጋይ ሲነክስ ደግሞ ያ ኃይል ሁሉ ባንዴ ሻፍቱ ላይ ያርፋል። ሻፍት ጭቃ ውስጥ ከተሰበረ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው በዚህ ቅጽበት ነው። ተሳፋሪ ይውረድ። ከሚሽከረከረው ጎማ ሥር ጠጠር፣ ቅርንጫፍ ወይም ደረቅ ገለባ ይግባ። በሚሽከረከረው ጎማ በኩል ክብደት ይሁን። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ፣ በትንሽ ቤንዚን፣ ከኋላ ሰው እየገፋ።

ሻፍቱን መጠርጠራችሁ ካልቀረ ደረቅ ቦታ ላይ ፈትሹ። የፊቱን ጎማ አስደግፉ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አንሱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ማርሽ አስገቡ። አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩት። ሌላው በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ሁለቱም ሻፍትና ዲፈረንሻሉ ተያይዘዋል። አንዱ እንደ ልብ እየዞረ ሌላው ዝም ካለ በመካከል የተቆረጠ ነገር አለ።

ከኋላ ድምፅ ይሰማኛል። ካምቢዮ ነው ጎማ?

ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ተከታተሉ። የማያቋርጥ ጉርምርምታ ሆኖ ከፍጥነቱ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ሜዳ ላይ ዜሮ ማርሽ አድርጋችሁም ካልጠፋ፣ የጎማ ኩሽኔታን ጠርጥሩ። ቤንዚን ስትሰጡ የሚመጣ፣ ስትለቁ የሚለወጥ ጩኸት የካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ነው። ፍሪሲዮን ስትይዙ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ከፍሪሲዮኑ አካባቢ አትራቁ። ይህን ሙከራ ቁልቁለት ላይ አታድርጉ። ከጅሬን ኮረብታ ሲወርዱ ዜሮ ማርሽ አድርጎ መልቀቅ አያዋጣም፤ ፍሬን ያግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም።

ስትነሱና ቤንዚን ስትለቁ «ቋ» የሚል አንድ ምት ካለ ሦስት ነገር እዩ። የሻፍቱ ጫፍ መጋጠሚያ፣ የኋላ ጎማው ትልቁ ዳዶ፣ የሞተሩ ማሰሪያ ጎሚኒ (ላስቲኩ)። ዳዶው ላልቶ ማቆሚያ ሽቦው፣ ኮፒሊያው፣ ከጠፋ ሻፍቱ የሚገባበት የጎማው መሐል ጥርስ ይበላል፤ ያኔ ዳዶ ማጥበቅ አይበቃም። ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ከተቀደደም አትለፉት። ግራሶው ይወጣል፣ ቀዩ ጭቃ ይገባል። ሽፋኑ ርካሽ ነው፣ ሻፍቱ አይደለም።

ጎርፍ ውስጥ ገብቼ ወጣሁ። ምን ልፈትሽ?

አዌቱ ወንዝ ሲሞላ ዳር ዳሩ ያለው መንገድ ምን እንደሚሆን የጅማ ሰው ያውቃል። ባጃጅ ጀልባ አይደለችም፤ ሞተሯ ከኋላ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ውሃው ጥልቀቱ ካልታየ አትግቡ።

ገብታችሁ መሐል ላይ ከጠፋች መልሳችሁ አታስነሷት፤ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ ሞተሩ ይሰበራል። ገፍታችሁ አውጧት፣ የአየር ማጣሪያውን ክፈቱ፣ እርጥብ ከሆነ ካንዴላውም ይውጣ። ሳትጠፋ ከወጣች ፍሬኑን ቀለል አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ያዙ፤ ሸራው እስኪደርቅ አይዝም።

ከዚያ ዘይቱን እዩ። የማኪያቶ መልክ ካመጣ ውሃ ገብቶበታል። በዚህ ዘይት «እስከ ነገ» ብሎ መሥራት ኩሽኔታና ማርሽ ያዝጋል። ይደፋና አዲስ ይሞላ፤ ለጥቂት ጊዜ ተነድቶ እንደገና ይታይ። አሁንም ከነጣ ይደገማል። ደጋግሞ የሚነጣ ከሆነ ውሃው የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ቀለበት፣ ፓራኦሊዮውን፣ ተመልከቱ። የጎማዎቹ ኩሽኔታና የመሪው አንገት ግራሶም በዚያው ይታደስ።

ጋራዡ «ካምቢዮ ይውረድ» አለኝ። እንዴት ልመን?

ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ «ካቦዎቹን አይተሃቸዋል ወይ? አሳየኝ»። ሁለተኛ፣ የወጣው ዘይት በንጹሕ ጣሳ ይቀዳላችሁ። የዘይት መደፊያውን ቡሎን በጣታችሁ ዳሱ። እንደ ዱቄት የላመ ብረት በጥቂቱ ቢኖር አይገርምም። የጥርስ ስባሪ ካለ ግን ክርክሩ አልቋል፤ ይውረድ። ሲወርድ እዚያው ሁኑ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፤ ጥሩ ሜካኒክ በዚህ አይቀየምም።

ኤሌክትሪክ ባጃጅ ላይ ይህ ሁሉ ይሠራል?

የመሪው፣ የጎማውና የፍሬኑ አዎ። ፍሪሲዮንና የማርሽ ካቦ ግን አብዛኞቹ ላይ የለም። ጭቃ ውስጥ አንዱ ጎማ መሽከርከሩም እዚያ አለ። ጎርፍ ላይ ግን የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ባትሪና የሽቦ መጋጠሚያ ውሃ አይወዱም።

ያገለገለች ልገዛ ነው። ምን ልሞክር?

በጠዋት ሂዱ፤ ባለቤቱ ሞተሩን ሳያሞቅ። የፊቱን ጎማ አንስታችሁ የመሪውን ሙከራ አድርጉ። ከዚያ ባዶዋን ሳይሆን ሰው ጭናችሁ ዳገት ውጡ፤ የደከመ ፍሪሲዮን ባዶ ሲሆን ይደበቃል። ሁሉንም ማርሽ አስገቡ፣ የኋላውንም ጭምር፤ እሱን ለመሞከር ግን ሙሉ በሙሉ ቁሙ። ሜዳ ላይ ለቅጽበት መሪውን ላላ አድርጋችሁ ያዙና ወዴት እንደምትሄድ እዩ። ስትመለሱ ሥሯ ጎንበስ በሉ። አዲስ የታጠበች ከሆነችና የዘይት ምልክት ካጣችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱና የቆመችበትን መሬት ተመልከቱ።